ለባልና ሚስት የጻፍኩት የቅብብል ዘፈን

ጅቡቲ ሳለሁ ሳምንቱን ሙሉ ማዳም ቤት በሠራተኝነት እሠራ ነበር፤ ዓርብ፣ በእረፍት ቀኔ፣ ግጥም እጽፋለሁ ብዬ እቀመጥ ነበር። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ በነበረ የሐበሻ ምግብ ቤት ባልና ሚስት ይዘፍኑ ነበር። የድሮ ጥንድ ዘፋኞችን ዘፈን አሳምረው ይጫወታሉ። ሕዝቡ የዘፋኞቹን ስም ከነአያታቸው ያውቃል፤ ግጥሙን ማን እንደጻፈው ግን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ይሄ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የራሳቸው ዘፈን አማራቸውና እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። የቅብብል ዘፈን ስጽፍ ደንብ አለኝ፤ ወንዱንም ሴቷንም ለየብቻ አስቀምጬ የሆዳቸውን አስወራለሁ። እሱ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ልጅ ስለማሳደግ አወራኝ። እሷ በሩን ዘጋች።

«እህቴ፣ የዱባይ መሄጃ ወረቀቴ ተጠናቋል፤ ልሄድ ነው። ዋላሂ፣ እሱ እንዳይሰማ።»

ምስጢር በማውጣት አልታማም። ስንኝ ሲመጣልኝ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ለእሷ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሻንጣዬን ሸከፍኩኝ ማንም ሳይጠይቀኝ፣
ከጎንህ ተኝቼ ባሕር ማዶ ናፈቀኝ።

ለእሱ ደግሞ «አትሂጂብኝ» የሚል መልስ አዘጋጀሁ። ዘፈን ውስጥ የማይሄድ ሰው የለም፣ ማን ይጠረጥራል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ልምምድ ላይ ስታነበው ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ ይሄን አልዘፍንም» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ግጥም ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አልኳት። ስንኙን ወድጄው ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። ባሏም ስለወደደው፣ እምቢ ብትል ጭራሽ ልትጠረጠር ሆነ።

ዓርብ ከሰዓት ዘፈነችው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እንባዋ ቀደማት። እሱ ዞሮ አያት። ተራው ሲደርስ አልገባም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዜማውን ሁለቴ ደገመለት። ከዚያ ማይኩን አስቀምጦ ወጣ። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። እኔንም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ያን ዕለት እልህ ይዞት ጓደኛው ጋ አደረ። በማግስቱ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ወደ ዱባይ በርራለች። ወዲያው ማዳም በር ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር።

«ቀድማ ነግራሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ‹አትሂጂብኝ›ን ወረቀት ላይ ከምትጽፊልኝ፣ ያኔውኑ ብትነግሪኝ በገዛ አፌ አልላትም ነበር?»