የዳር ሰፈር ተመራጭ ሚስት

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠ ዕለት እኔ ጓዝ እያሰርኩ ነበር። ወደ ደሴ ልንመለስ ተነጋግረን፣ ሱቁን ለአንድ የመናዊ ነጋዴ ልናስረክብ ተስማምተን፣ ካሚዮን ላይ ከሹፌሩ ጎን ቦታ እንዲያዝልን ጠይቀን ነበር። አሰብ ከገባሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ክረምት ስል ደሴ ሲከርም ማለቴ ነው፤ አሰብ ላይ በዚያ ወራት የሚወርድ ዝናብ የለም፣ ከበረሃው የሚነሣ አሸዋ ያዘለ ነፋስ እንጂ። እናቴን አሟት ነበር። ከወሎ የወረደ ሹፌር ሁሉ በሱቃችን ሲያልፍ «እናትሽ ትጠይቅሻለች» ይለኝ ነበር።

ሰፈራችን ዳር ሰፈር ይባል ነበር። ከወደቡም ከፒያሳውም የራቀ፣ ቤቱ ሁሉ ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠራ ሰፈር ነው። እንደኛ ለንግድ ከደጋ የወረዱ እስላሞች፣ የወደብ ወዛደሮች፣ ከባሕሩ ዳር መንደሮች ከዒድና ከጥዖ የመጡ አፋር ዓሣ አጥማጆች ይኖሩበታል። ከፊት ባሕር ነው፤ ከኋላ እስከ ደጋው ግርጌ ድረስ ጥቁር ድንጋይና አሸዋ። ውሃችን በቦቴ መኪና ይመጣል፤ መኪናው የተበላሸ ቀን ጠብታ የለም።

በዚያ ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ እያንዳንዱ ሰፈር ለከተማው ምክር ቤት አንድ ሰው እንዲመርጥ አዘዘ። ምርጫውን ሊያካሂድ የመጣው ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት ጸሐፊ ነው፤ ሙቀቱ አልስማማ ብሎት ሁልጊዜ አንገቱን በመሐረብ ይጠርጋል። ወንዶቹ ከመስጊዱ አጠገብ ባለው ሜዳ ተሰበሰቡ። ድምፅ ወንድ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ተወዳዳሪዎቹ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቆማሉ፣ መራጩም ከመረጠው ሰው ፊት ይሰለፋል። ባለቤቴ የሄደው ሊያይ ነበር። ተወዳዳሪ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዒድ ተወላጅ፣ የራሱ ጀልባ ያለው፣ ሰው ሁሉ ናኹዳ እያለ የሚጠራው። ናኹዳ በባሕር ሰዎች ቋንቋ የጀልባ አዛዥ ማለት ነው። ጸሐፊው ደግሞ አማርኛም ዐረብኛም አፋርኛም የሚችል ሌላ ሰው የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። እጁን ይዘው ግድግዳው ሥር አቆሙት፤ ሰልፉም ወደሱ አዘነበለ።

ቤት ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። እኔ የምጣዱንና የድስቱን ጆንያ አፍ እየሰፋሁ ነው።

«ፍቺው» አለኝ። «አንድ ዘመን ብቻ ነው። ሲያልቅ ደሴ እንገባለን።»

ፈታሁት። ምን ላድርግ?

ያ ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። የፊተኛው ሱቅ ነው፤ የኋለኛው መኝታችንና ማብሰያችን። ወደ ደጅ የሚወስደው በር በሱቁ በኩል ብቻ ነበር። ተመራጭ ከሆነ በኋላ ሱቁ ሸንጎ ሆነ። የቦቴው ሹፌር ሰፈራችንን ዘሎ አለፈ የሚል፣ ጎረቤቱ አጥሩን ገፋብኝ የሚል፣ ከወደብ ሥራ ያለ ጥፋቴ ተባረርኩ የሚል፣ ሁሉም እየመጣ ከሱቁ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ወንዶች ተቀምጠው ሳሉ በመካከላቸው ማለፍ ለኔ ነውር ነው። ስለዚህ እነሱ እስኪነሡ እኔ ጓዳ እቀመጣለሁ። ከሰሉ ይጨሳል፣ ቆርቆሮው ይግላል፣ በገዛ ቤቴ ሻሼን እንኳ ማውለቅ አልችልም። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ለሽንት መውጣት ፈልጌ ጥርሴን ነክሼ ወሬያቸው እስኪያልቅ የጠበቅሁበት ቀን ስንት ነው! ወሬያቸው ግን አያልቅም።

ከጓዳው በኩል በር ይከፈትልኝ ብዬ ለመንኩት። ሳንቃ ነው፣ ነገ አናጢ አመጣለሁ አለ። በማግሥቱ ስብሰባ ነበረው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። በኋላ አንድ ቀን ከጎናችን ላለችው አፋር ጎረቤቴ በሳንቃው ቀዳዳ ነገርኳት። የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት፤ አማርኛዋን የተማረችው ከሱቃችን ነው፤ ቃል አታባክንም። ሄደችና መጥረቢያ ይዛ መጣች። እሷ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ በፋስ፣ ሳንቃውን አፈረስነው። በሱቁ በኩል ጌቶቹ ስለ መንገድ መብራት ይመክሩ ነበር። ድምፁን ሰምቶ ባለቤቴ ሲገባ እኔ በቀዳዳው ግማሽ አካሌን አውጥቼ ነፋስ እየተቀበልኩ ነው። አየኝና ተመልሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን በጆንያ መጋረጃ ጋረድኩት፤ ቢያንስ መውጫ አገኘሁ።

ዘመኑ አለቀ። ሁለተኛው ምርጫ በሰልፍ አልነበረም። ሳጥን ተዘጋጅቶ፣ ማንበብ ለማይችለው ሰው ምልክት ተሥሎበት፣ የናኹዳው ጀልባ፣ የባለቤቴ ፋኖስ ሆኖ ነበር። እኔም ናኹዳው ያሸንፋል ብዬ እንደገና ደሴን ማሰብ ጀምሬያለሁ። ነገር ግን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወደ ናኹዳው ሄደው፣ ሰፈር ሁለት እንዳይሆን፣ ይህንን ዘመን ለባለቤቴ ይተውለት ብለው ለመኑት። እሱም ሰው አክባሪ ነውና ተወ። ሳጥኖቹ ባዶአቸውን ወደ ማዘጋጃ ቤት ተመለሱ። ጸሐፊው መጥቶ ባለቤቴን ያለ ተወዳዳሪ ተመርጠዋል አለው።

እኔ ያን ዕለት ቃሉን አስታወስኩት። አልካደም። የቧንቧው ውሃ ሊመጣ ነው፣ የቧንቧው ብረት እስከ ጨው ማምረቻው ተዘርግቷል፣ አሁን ጥዬ ብሄድ ቦኖው ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራል አለኝ። ደግሞም እውነቱን ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው። ውሸት ቢሆን እጣላው ነበር። እውነት ሲሆን ግን ምን ይሉታል? ልጄን አዝዬ ቦቴ ስጠብቅ ሴቶቹ «ባልሽ ውሃ ሊያመጣልን ነው» እያሉ ይመርቁኛል፤ እኔም ምርቃቱን አሜን ብዬ እቀበላለሁ።

በዚያው ዘመን እናቴ ሞተች። በረሃው ላይ ጎርፍ ወርዶ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ካሚዮኖቹ ቆመው ሰነበቱ፤ ወሬው የደረሰኝ ሰደቃዋ ካለፈ በኋላ ነው። ሹፌሩ የነገረኝ ከሱቁ ደጅ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ነው። ባለቤቴ አልነበረም። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም በአውሮፕላን ይመጣ ስለነበር የምክር ቤቱ ሰዎች ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ሰው ላኩበት። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ኖሮ እሱም ከሰልፉ ልውጣ ለማለት አፈረ። ከቀትር ጀምሮ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ የያዘችኝ ያቺ አፋር ጎረቤቴ ናት። በማላውቀው ቋንቋዋ ታባብለኝ ነበር። እሱ ሲመጣ ሸሚዙ ላይ ለሹሙ መቀበያ የሰኩለት አበባ ጠውልጎ ነበር። አልተቆጣሁትም። አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ግን ያኔ አንድ ነገር ወሰንኩ።

ቦኖው ተተከለ። ሰው ሁሉ ጨፈረ። ሦስተኛው ምርጫ ሲቃረብ ናኹዳው እንደገና ተነሣ፤ አሁን ለማንም አልተውም አለ። ባለቤቴም አንድ ዘመን ብጨምር ትምህርት ቤት ይከፈትልናል ማለት ጀመረ። እራት አቅርቤለት ሳለ ነገርኩት።

«ሴቶቹን እለምናቸዋለሁ» አልኩት። «ባሎቻቸው ድምፃቸውን ለናኹዳው እንዲሰጡ።»

እጁን ከገበታው ላይ አነሣ። «በኔ ላይ?»

«በአንተ ላይ። ሰው ሳይነግርህ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።»

የሚደርስብኝን እጠብቅ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ሴት የምትመርጠው ነገር የለም፣ ለምኚ አለኝና እራቱን ቀጠለ።

በማግሥቱ ቦኖው ጋ ሄድኩ። እንስራውንና ጣሳውን ደርድረው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ፤ የደጋዋም፣ አፋሯም፣ የመናዊቷም። ወሬዬን ስጀምር ቀልድ መሰላቸው። አንዷ ባልሽ ሌላ ሚስት ሊያገባ ነው ወይ አለችኝ። ሌላዋ፣ ውሃ ያመጣልንን ሰው ምን ብለን እንጥላለን አለች። እኔ ስለ ባሌ ክፉ አልተናገርኩም። ደግ ሰው ነው አልኳቸው። እሱ ለሰፈሩ ሲል እኔን ከዚህ እንዳሰረኝ፣ እናቴን ሳልቀብር እንደቀረሁ፣ ሲወርድ ግን አገሬ እንደሚያስገባኝ ቃል እንደገባልኝ ነገርኳቸው። ጎረቤቴ ወደ አፋርኛ እየመለሰች ታስረዳ ነበር። ስትጨርስ ወደኔ ዞራ «ባልሽን እንድንጥልልሽ ነው የምትለምኚን?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ውሃው ጣሳውን ሞልቶ ሲፈስ እንኳ የሚያነሣው ጠፋ። ከዚያ አንዲት ከወረኢሉ የመጣች ሽማግሌ ሴት፣ ባሏ ወዛደር የሆነ፣ ጣሳዋን አነሣችና «እኔም እናቴን አልቀበርኩም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ ምን እንደተባለ አላውቅም። ወንዶቹ በሱቃችን ሲያልፉ ግን ባለቤቴን ትክ ብለው ማየት ተዉ።

የምርጫው ቀን ከጓዳዬ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሜዳውን አየሁ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ድምፅ ወደሚሰጥበት ድንኳን ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ባለቤቴ ነጭ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። ወደ ማታ ሲቆጠር ጀልባው በብዙ በለጠ። ናኹዳው ራሱ መጥቶ ባለቤቴን አቀፈው። እሱም እንኳን ደስ ያለህ ብሎት፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ በቀጥታ ወደ ቤት መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ማንም ተከትሎት አልገባም።

«ደስ አለሽ?» አለኝ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። «አላለኝም» አልኩት። «ግን እንሂድ።»

ተመርጬ ሳለሁ ብሄድ ኖሮ ሥልጣኑን ትቶ መጣ እባል ነበር አለ። አሁን ግን ደሴ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚሰማው አሰብ አውጥታ እንደጣለችኝ ነው አለ። «የተጣለ ሰው አገሩ አይገባም» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይበርድ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ሲመረጥም ታሰርኩ፣ ሲወድቅም ታሰርኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ሱቁ ሰው ጠፋበት ማለት አይደለም፤ ስኳርና ጋዝ የሚገዛማ ይመጣል። አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ግን የለም። ባለቤቴ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይውላል። አላፊው ሰላምታ ሲሰጠው ለመልሱ ይቸኩላል፤ ይቆምለት እንደሆነ ያያል፤ ሰውየው ግን ያልፋል። እኔ በሱቁ በኩል እንደልቤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ስወጣ ዓይኑን ላለማየት አንገቴን እደፋለሁ።

ሙቀቱ ሲበረታ ራሱ ነው ሂጂ ያለኝ። አንድ ከኛ አገር የሆነ ሹፌር ሚስቱን ይዞ ሊወጣ ነበር፤ ከነሱ ጋር እኔንና ልጄን አሳፈረን። ባለቤቴ ልጄን አቅፎ ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጣት «ደሴ ያለችውን አክስትሽን አልቀርም በያት» አላት። ሕፃን ናት፤ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ለእኔ የተናገረው ነው።

በረሃውን ቀንና ሌሊት ተጉዘን ደጋው ላይ ወጣን። ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር። የእናቴን መቃብር እህቴ አሳየችኝ፤ ሣር በቅሎበታል። የእናቴ ቤት ውስጥ የታላቅ ወንድሜ ልጆች ይኖራሉ። እንደ እንግዳ ተቀበሉኝ፤ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡኝ፤ ጠጅ የመሰለ ብርዝ አቀረቡልኝ። ሲነጋገሩ ስለማላውቃቸው ሰዎች ነው። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ልጄ ሌሊት ሌሊት «ባሕሩ የታለ?» እያለች ታለቅሳለች። እህቴ ቅሪ አለችኝ። የት ነው የምቀረው? የኔ ማዕዘን የት አለና? ክረምቱ ሳያልቅ በዚያው ካሚዮን ተመለስኩ።

ባለቤቴ ካሚዮኖቹ ከሚያራግፉበት ቦታ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቶ ነበር። ደሴ እንዴት ናት አለኝ፤ ብርድ ነው አልኩት። ልጃችንን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ስንሄድ፣ ሰዎች መጥተው ለሚመጣው ምርጫ እንዲነሣ እንደለመኑት ነገረኝ። ናኹዳው ባሕር ላይ ይውላል፣ ሲፈለግ አይገኝም ብለዋል። ባለቤቴም ሚስቴን ጠይቁ ብሎ መለሳቸው።

መጡም። በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። በሕይወቴ ወንዶች አንድ ነገር ለመጠየቅ ከፊቴ ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ባለቤቴ ከሚዛኑ ጀርባ ቆሞ የማይጠቀለል ነገር ይጠቀልላል። ጆሮው እኔ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ምን እንድመልስለት እንደሚፈልግም አውቅ ነበር፤ አንዲት ቃሌ አግዳሚውን ትሞላለታለች።

«አይነሣም» አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ወደሱ አዩ። እሱም ሰምታችኋል አላቸው። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አሰብ ብዙ ዓመት ኖርን። ሌሎች ልጆች ወለድን፤ ሱቁን አሰፋን። እሱ ስለ ምክር ቤቱ አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ እኔም ደሴ እንሂድ ብዬው አላውቅም።