ቆመን ያየነው ፊልም

የእህቴ ልጅ ሊያገባ ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ሆንኩ። የተመረጥኩት በምግባሬ አይደለም፤ ያገለገለ መኪና ስለምሸጥ ምላስ አለው ብለው ነው። ሦስት ሆነን ካልጋሪ ውስጥ ሳድል ሪጅ የሚባል ሰፈር ወደ ልጅቷ አባት ቤት ሄድን። ባለፈው "ላስብበት" ብለው መልሰውናል፤ ዛሬም እንቢ ካሉ ነገሩ አበቃ።

በረዶ የጠጣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ ገባን።

"ልጅዎን ሰጥተው ካላስቀመጡን አንቀመጥም" አልን። ወጉ ነው፤ ያስቀመጠ ሰጠ ማለት ነው።

"ታዲያ ቁሙ" አሉ።

ወንበር ስበው፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ድምፁን ዘጉት እንጂ አላጠፉትም። የድሮ የሆሊውድ ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ። "የዛሬው ብልግና ነው፤ ጨዋ ፊልም ድሮ ቀረ" ባይ ናቸው፤ ልጃቸውንም በዚያው ነው ያሳደጓት።

አንጋፋችን፣ ነጠላ የለበሱት ጋሼ፣ የልጁን ጨዋነት ሲያብራሩ፣ አንዲት ባለላባ ባርኔጣ ሴትዮ ከአባትየው ራስ በላይ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለች። አውራ ጣቷን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተክላ የቀሩትን ጣቶቿን ታወዛውዝ ጀመር። "ምን ታመጣለህ" እንደማለት ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ አሳለ፤ ሳል ግን አልነበረም። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

"ምን ያስቃል?" አሉ አባትየው። ዞር ሲሉ ሴትዮዋ የለችም።

"ኧረ ምንም፣ ጋሼ" አልኩ። "ፊልሙ ላይ አንዷ በእጇ ነውር ነገር አሳየች።"

"በዚያ ፊልም? አይደረግም። ምን አሳየች?"

ሦስታችንም ካልሲያችንን አየን።

"አሳዩኛ።"

አንጋፋው ውሸት ኃጢአት ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን አቀበሉኝ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አውራ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በልጅቷ አባት ፊት ጣታቸውን አወዛወዙ። ቀስ ብለው፣ እንደሚመርቅ ሰው።

የእህቴ ልጅ ትዳር እዚያ አፍንጫ ላይ ተሰቅሎ ታየኝ።

ልጅቷ ከኪችን ብቅ አለች። እዚሁ ካልጋሪ ነው የተወለደችው።

"ዳዲ፣ ኢትስ ትሩ። ሳንሱሩ ስትሪክት ከመሆኑ በፊት የተሠራ ነው። ያኔ ሁሌ ያደርጉት ነበር።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አብረን አይደል ያየነው? ልጅ ሆኜ የምስቀው በምን መስሎህ ነው?"

አባትየው ሪሞቱን አንስተው ፊልሙን ወደ ኋላ መለሱት። ሴትዮዋ መጣች፤ አወዛወዘች። ደግመው መለሱት። ትንሽ ቆይቶ አንድ አስተናጋጅ በደንበኛው ጀርባ ያንኑ አደረገ።

"ይኸውና ሌላ" አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተዘረፉ ይመስል። "ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበርኩ? ቁጭ በሉ እንጂ፣ ተገትሮ ፊልም ይታያል?"

በእኔ ሥራ ደንበኛ መሪውን ከጨበጠ ወዲያ ወሬ አይበዛም። አንጋፋውን በክንዳቸው ይዤ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩና አጠገባቸው ዘፍ አልኩ። ሦስተኛውም ተከተለን።

"እግዜር ይስጥልን" አልኩ። "አስቀመጡን።"

አባትየው ሪሞቱን እንደያዙ ዞሩ። ያሉት ነገር ያኔ ገባቸው። እኛን አዩ፣ ከንፈሯን ነክሳ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አውራ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ለእኔ አወዛወዙልኝ።

"ሻይ አምጪላቸው" አሏት።