በጋቢ ጫፍ የታሰረው ሞንታርቦ

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ መምህርት እፀገነትን የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ኳስ የሚባል ነገር አይወድም። ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች፤ ስሟን ያስጠራው ግን የመረብ ኳስ ዳኝነቷ ነው። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ገበያ ስትወጣ ነጋዴው ሁሉ ሚዛኑን ያስተካክላል ይባላል። ወሬውን የሚያወሩት ተማሪዎቿ ስለሆኑ ትንሽ ጨው ሳይጨምሩበት አልቀሩም።

በልጅነቷ ተጫዋች ነበረች። ጉልበቷ ሲጎዳ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኳሱን ይተወው ነበር፤ እሷ ግን ፊሽካ ገዝታ ተመለሰች። ዳኝነትን ያየችው ከአባቷ ነው። አባቷ የአገር ሽማግሌ ነበሩ፤ ባለጉዳይ ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ለምን ሲባሉ፣ «ዓይን የሰው ልብስ አይቶ ያዳላል፤ ጆሮ ግን የመጣለትን ነው የሚወስደው» ይሉ ነበር። እፀገነትም ከፍ ባለው የዳኛ መቆሚያ ላይ ስትወጣ ግማሹን በዓይኗ፣ ግማሹን በጆሮዋ ትዳኛለች። የተከላካይ ጥፍር ኳሱን ጫር አድርጎ ሲያልፍ ዓይን አያየውም፤ ጆሮ ነው የሚይዘው። በዚህ ችሎታዋ ትኮራለች፣ ኩራቷንም አትደብቅም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ባስልዮስ የሚባል ጎረምሳ ጆሮዋን የነጠቃት።

ባስልዮስ የሰርግ ሞንታርቦ ያከራያል። በእኛ አገር ሰርግ ድምፁ ከገደሉ ማዶ ካልተሰማ እንደ ሰርግ አይቆጠርም፤ ማዶ ያለው ዘመድ «ዘንድሮ እነ እገሌ ቤት ሰርግ ነበር እንዴ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ የሙሽራው አባት አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ባስልዮስ የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው፣ እሱም ገደል የሚያሻግረው። የመንዝ ነፋስ ኳስ ስለማያስጨብጥ የዘንድሮው የአካባቢው ከተሞች የሴቶች መረብ ኳስ ውድድር ድሮ የእህል መጋዘን በነበረው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። አዘጋጆቹም ሕዝቡን ያሟሙቅልን ብለው ባስልዮስን ጠሩት። እሱም ገደል የሚያሻግረውን ድምፅ አምጥቶ በአራት ግድግዳና በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ መሀል ለቀቀው። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሰው ከጎኑ ካለው ጋር በእጅ ምልክት ይነጋገር ጀመር።

ቅዳሜ ዕለት መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ለፍጻሜ ለማለፍ ተጋጠሙ። በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ የዓለም ከተማዋ ልጅ የመታችው ኳስ ከሜዳ ወጣ። የተከላካይ እጅ ነክቶ የወጣ ኳስ ነጥቡ የመቺው ነውና፣ ከመርሐቤቴ የመጡት የዓለም ከተማ ልጆች «ነክቷል!» እያሉ ጣታቸውን አሳዩ። እፀገነት ጆሮዋን ብትጥል ከሞንታርቦው በቀር የሚሰማ አልነበረም። ያልሰማችውን ልትፈርድ አትችልምና ነጥቡን ለመሐል ሜዳ ሰጠች። የዓለም ከተማው አሰልጣኝ ፈንታ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ሲወጣ ብቻ፣ «ለአገርሽ ልጆች ፈረድሽ። ይሁን» አላት። ዱላ ቢያነሳባት ይሻላት ነበር። ስንት ዓመት ያቆመችው ስም በአንድ ቃል ሲናድ ተሰማት፣ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

እሑድ፣ መሐል ሜዳ ከራቤል ከተማ ጋር ለዋንጫ በሚጋጠምበት የፍጻሜ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢዋን እንደደረበች በቀጥታ ባስልዮስ ጋ ሄደች።

«ዛሬ ኳሱ አየር ላይ እያለ ድምፅ አልፈልግም» አለችው።

«ቲቸር፣ ድምፅ ከሌለ እኮ ሕዝቡ ይቀዘቅዛል። እርስዎ ፊሽካዎን ይንፉ፣ እኔ የራሴን ሥራ ልሥራ።»

አዘጋጆቹን ጠየቀች፤ እነሱም ትከሻቸውን ነቀነቁ። ጨዋታው ተጀመረ፣ ሞንታርቦውም አብሮ ይጮኽ ጀመር። የመጀመሪያውን ፊሽካ ነፋች፤ የራቤሏ ለጋች አልሰማችም። ደግማ ነፋች። አንዷ ተጫዋች ኳሱ የቆመ መስሏት ስትቆም ሌላዋ ከኋላዋ መጥታ ተጋጨቻት።

እፀገነት ከመቆሚያዋ ወረደች። ሰው ሁሉ እያያት አዳራሹን አቋርጣ ባስልዮስ ፊት ቆመችና «በሕግ አምላክ» አለችው። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል፤ ግን ውሃውም ቢሆን መጀመሪያ መስማት አለበት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ እንጂ አልሰማትም፣ ፈገግ አለላት።

ያን ጊዜ የጋቢዋን አንድ ጫፍ ከጃኬቱ ጫፍ ጋር አጥብቃ ቋጠረችው፣ ሌላውን ጫፍ በራሷ ወገብ ዙሪያ አሰረችው። ባስልዮስ ደንግጦ ሞንታርቦውን አጠፋ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

በድንገት በወረደው ጸጥታ ውስጥ፣ «በሕግ አምላክ አልኩህ» አለችው። አሁን አዳራሹ በሙሉ ሰማ። የበግ ሱፍ ባና የደረቡት አዛውንቶች ተያዩ። የድሮ ሰው ከሳሽና ተከሳሽን ልብስ ለልብስ አቆራኝቶ ወደ ዳኛ ይሰድ ነበር፤ ቋጠሮውን ፈትቶ የሮጠ እንደተረታ ይቆጠራል። ባስልዮስም ይህን ከአያቱ ሰምቷልና እጁ ወደ ቋጠሮው ሄዶ ተመለሰ።

ጋሽ ገብረ አማኑኤል፣ በከተማው ማንም ቃላቸውን የማያልፈው ሽማግሌ፣ ከፊት ወንበር ተነሡ። «እፀገነት፣ ከሳሽም ዳኛም አንቺው ልትሆኚ ነው?»

«የለም ጋሼ። የኳሱ ዳኛ እኔ ነኝ። የድምፁን እርስዎ ይፍረዱ።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «እንግዲያው ጨዋታው ሲያልቅ እፈርዳለሁ። እስከዚያ እንደተቆራኛችሁ ቆዩ።»

እሷ መቆሚያዋ ላይ ወጣች። ባስልዮስ ከሥሯ፣ በጋቢ ጫፍ እንደታሰረ ሙክት ቆመ። ሕዝቡ ሳቀበት፤ እሱም አፈረ፣ ከዚያ ተናደደ፣ ከዚያ ሌላ የሚያደርገው ስለሌለ ጨዋታውን ያይ ጀመር። ደግሞም ሰማው። ጫማ ወለሉ ላይ ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ልጆቹ «የኔ፣ የኔ» እየተባባሉ ሲጠራሩ፣ መዳፍ ኳሱን ሲያገኘው። ሲጫወቱ እንደሚነጋገሩ እስከዛሬ አያውቅም ነበር። ሕዝቡም አልቀዘቀዘም፤ እንዲያውም የራሱን ጭብጨባ ሰምቶ የባሰውን ሞቀ።

ሁለቱ ቡድኖች እየተናነቁ እስከ መጨረሻው ዙር ደረሱ። ለራቤሎቹ አንዲት ነጥብ ቀረቻቸው። ልጃቸው ዘላ መታችው፤ ኳሱ በመሐል ሜዳዋ ተከላካይ ጣቶች አጠገብ አልፎ ግድግዳውን መታ። የከተማው ሰው «ወጣ!» ብሎ በደስታ ተነሣ። እፀገነት ፊሽካዋን ነፋች፣ አንድ እጇን አቁማ በሌላው መዳፏ የጣቶቿን ጫፍ ዳሰሰች፦ ነክቷል። ዋንጫው የራቤል ሆነ።

አዳራሹ ከሞንታርቦው ብሶ ጮኸ። «ትናንት ለእኛ፣ ዛሬ ለእነሱ! ምን ዓይነት ዳኛ ናት?» አለ አንዱ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። የሰማችውን ሰምታለች።

ጋሽ ገብረ አማኑኤል ከዘራቸውን አነሡ። «ዝም በሉ። ይህ የታሰረው ልጅ ይናገር። የከተማችን ልጅ ነው፣ ከእሷም ጋር ክስ ላይ ነው፤ ለእሷ የሚያደላበት ምክንያት የለውም።»

ባስልዮስ ሕዝቡን አየ። እነዚህ ሰዎች ናቸው ለሰርጋቸው የሚጠሩት። አንገቱን ቀና አደረገ።

«ነክቷል» አለ። «ጥፍሯን ጫር ሲያደርግ እዚህ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

መረቡ ሥር ያለችው ተከላካይ ቀስ ብላ ጣቷን አነሣች። «ነክቶኛል» አለች እሷም። ከዚያ ወዲያ የጮኸ የለም።

«በድምፁም ነገር ተፈረደ» አሉ ጋሽ ገብረ አማኑኤል። «ሞንታርቦው ቢጮኽ ኖሮ ይህን መቼ ይሰማ ነበር? ተከሳሹ ራሱ ነው የፈረደው። ፍቺው።»

እፀገነት ወርዳ ቋጠሮውን ፈታች። ዋንጫ ሲሰጥ ባስልዮስ ወደ ማሽኑ ተመለሰ፤ ከመክፈቱ በፊት ግን ጠራት። «ቲቸር፣ እስቲ አንዴ ይንፉልኝ። ከፊሽካው በታች ላድርገው።» ነፋችለት። ዘፈኑም ከፊሽካው በታች ሆኖ ወጣ፣ ራቤሎቹም ጨፈሩበት።

ከኋላ ወንበር ላይ የዓለም ከተማው ፈንታ እስካሁን አልተነሣም ነበር። እፀገነት የተጨማደደ ጋቢዋን እንደደረበች ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ትናንት የእናንተም ሳይነካ አልቀረም» አለችው። «እኔ አልሰማሁም።»

ፈንታ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ደግሞ ለአገሯ ልጆች አደላች ብዬ ማታውኑ ዓለም ከተማ ስልክ ደውዬ አውርቻለሁ» አለ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ያወራውን ሊያቃና እዚያው እሷ ፊት ይደውል ጀመር።