አሥራ አንድ ዓመት የከረመች ቃል

መምህርት ጌታነሽን ሰድበህ ብታልፍ ትረሳልህ ይሆናል። ተማሪዎቿ ፊት አሳፍረሃት ከሄድክ ግን፣ በል እንግዲህ ዕድሜ ይስጥህ፤ አንድ ቀን ታገኝሃለች።

መሐል ሜዳ ከተማ እንግሊዝኛ ስታስተምር ይኸው አሥራ አራተኛ ዓመቷ ነው። የራቤል ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ በግ እየሸጡ ነው ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ያስተማሯት። እዚያ አንድ ህንዳዊ መምህር ነበራት። ነገርን አጋንኖ መናገር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያስተማራት እሱ ነው፦ «ሃይፐርቦሊ»። ሦስት ጊዜ አስደገማት፣ ያዘችው።

በሦስተኛ ዓመት ሥራዋ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ወዳጆ ሊገመግሟት ክፍሏ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ቃሏን ሰሌዳ ላይ ጽፋ «ሃይፐርቦሊ» ብላ ብታነብ፣ ሰውዬው ከት ብለው ሳቁ።

«ኧረ የኔ እመቤት! ቦሊ ደግሞ ምንድን ነው? ሃይፐርቦል ነው እንጂ!»

ስልሳ ተማሪ አብሮ አውካካ። ጌታነሽ መልስ ነበራት። ግን እሳቸው ሱፐርቫይዘር ናቸው፤ ህንዱ ተሳስቶ ቢሆንስ? ልቧ ወላወለና «እሺ፣ ሃይፐርቦል» አለች። ሳቁንስ ትችለው ነበር፤ አንጀቷን ያሳረራት ያ «እሺ» ያለችው ነው። ከዚያ ወዲያ ስሟ «ቲቸር ቦሊ» ሆነ። ገበያ ብትወርድ ቦሊ፣ መናኸሪያ ብትሄድ ቦሊ። ባሏ ቅጣው እንኳ አንድ ቀን አምልጦት ቢጠራት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

አቶ ወዳጆ ወደ ሞላሌ ተዛወሩ። እሷ ግን አሥር ዓመት ስትጠራጠር ከረመች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው? ማንን ትጠይቅ? መጠየቅ እንደገና መሳቂያ መሆን ነው። አምና ድምፅ የሚያሰማ መዝገበ ቃላት ስልኳ ላይ ስትጭን፣ መጀመሪያ የፈለገችው ያችኑ ቃል ነበር። ስልኩ ጥርት አድርጎ «ሃይፐርቦሊ» አለ። ወይ ጉድ! እልል ማለት ሲገባት አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና «ይምጡ ብቻ» አለች።

መጡም። ጡረታ ወጥተው መሐል ሜዳ ቤት ሠሩና የነጌታነሽን የሚካኤል ማኅበር ልግባ አሉ። ማኅበሩ ደግሞ ሕግ አለው፦ አዲስ ሰው ሲገባ ቅሬታ ያለው ይጠየቃል፤ እርቅ ሳይወርድ ጽዋ አብሮ አይጠጣም።

በማኅበሩ ቀን ቄስ ወልደ ጻድቅ ለወጉ ያህል «በአቶ ወዳጆ ላይ ቂም ያለው አለ?» አሉ።

«እኔ አለኝ፣ አባ» አለች ጌታነሽ።

ነገሩን ከሥሩ አንሥታ ተናገረች። አቶ ወዳጆ ግንባራቸውን አሹ።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፣ አላስታውሰውም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኼው ነው። እሷ አሥራ አንድ ዓመት ስታመነዥከው እሳቸው ረስተውታል! ደሟ ፈላ። ስልኳን አውጥታ ነካችው፤ «ሃይፐርቦሊ» አለ። ደገመችው።

«ለአንዲት የፈረንጅ ቃል? ኧረ ተይው በቃ» አሏት ጋሽ ተገኘ የሚባሉ ማኅበርተኛ።

«የፈረንጅ ቃል አይደለም፤ የኔ ስም ነው።»

ቄሱ ወደ አቶ ወዳጆ ዞሩ። «ያኔ እንዴት እንደሚባል ያውቁት ነበር?»

አቶ ወዳጆ አቀረቀሩ። «አሁን ስትናገር ትዝ አለኝ፤ አላውቀውም ነበር፣ አባ። እሷ ሳትፈራ ስታነበው ጊዜ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ሳቅኩ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉ ቄሱ። «ጌታነሽ፣ ካሳሽ ምንድን ነው?»

«እንደ ተማሪ ቆመው ሦስት ጊዜ ይበሉልኝ።»

የስልሳ ዓመቱ ሰው ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ሃይፐርቦሊ» አሉ። ደገሙት። በሦስተኛው ማኅበርተኛው ሁሉ አውካካ። ጌታነሽ ግን አልሳቀችም፤ አንድ በአንድ እየቆጠረች ሰማች።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሰው ወደ ጨዋታው ተመለሰ። አቶ ወዳጆም እፎይ ብለው ተቀመጡ። ይኼኔ ጌታነሽ ቀና ብላ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ጋሼ ቦሊ፣ እስቲ ያን ጠላ ወዲህ ያቀብሉኝ።»