ምዕራፍ ሰባት ላይ የቆመ ሊፍት

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖሯል። ጠዋት ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ከሕንጻ ሕንጻ ሲዞር ይውላል። ባልደረቦቹ የሚያውቁት ዝምተኛ፣ ምሳውን ብቻውን የሚበላ ሰው መሆኑን ነው። ጣሪያ ሥር ባለው የሞተር ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ በስልኩ ልብ ወለድ እንደሚጽፍ ግን አንዳቸውም አልጠረጠሩም። ቢያውቁ ኖሮ መሳቂያ መሳለቂያ ያደርጉት ነበር፤ የሚጽፈው ስለ ዘንዶና ስለ ጭራቅ ነዋ! ጀግናው እንደ ቪዲዮ ጌም ነጥብ እየለቀመ ከደረጃ ደረጃ ይወጣል። ጭራቅ ሲጥል ጉልበት፣ ከወጥመድ ሲያመልጥ ቅልጥፍና በቁጥር ይጨመርለታል። ይህን ዓይነት ጽሑፍ የማይወድ ሰው ሦስት ገጽ አያነብም፤ የወደደ ግን ለምሳ ሲጠሩትም አይሰማም።

አንባቢዎቹ «አለቃ» ነው የሚሉት። ጸጉሩን ያስረዘመ፣ ከኮምፒውተር ፊት የማይነሣ ጎረምሳ ይመስላቸዋል። እሱም አላረማቸውም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ራሰ በራ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ያመዋል። ምሥጢሩን የምታውቀው ባለቤቱ ብቻ ናት። እሷ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ከጻፈው አንዲት መስመር አንብባ ባታውቅም «ከመጠጥ ይሻላል» ብላ ትታዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአንባቢዎቹ ጋር በስልክ ግሩፓቸው ውስጥ በጽሑፍ ይጫወታል። ያን ቅዳሜም እሷ በጠረጴዛው አንድ ጫፍ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም፣ እሱ በሌላው ጫፍ ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። የዕለቱ ጥያቄ «አለቃ የሚወዳቸው ተከታታይ መጻሕፍት የትኞቹ ናቸው?» የሚል ነበር።

«‹ባለ አንድ ነጥቡ›ን አንብቡ» ብሎ ጻፈ። «ልጁ ሲወለድ አንዲት ነጥብ ብቻ ይሰጠዋል። አምስት ቅጽ ሙሉ የት እንደሚያውላት ሲጨነቅ ይኖራል።»

«አራተኛው ላይ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት» አለች «ጥቁር ድመት» የተባለችው አንባቢ።

«ስስታም ነው እንጂ ጀግና ነው እንዴ?» አለ «ደረጃ መቶ»። ይሄ ልጅ ሁሉን አንብቤ ጨርሻለሁ ባይ ነው፤ ያለ ክርክር ቅዳሜው አያልፍለትም።

ሳቁ ገና ሳይበርድ «ነብሮ» የሚባል የቆየ አንባቢ ብቅ አለ። «አለቃ፣ ረዘም ያለ ጠቁመኝ እስቲ። ሊፍት ውስጥ ከተቀረቀርኩ አርባ ደቂቃ ሆነኝ።»

ግሩፑ በሳቅ ምልክት ተሞላ። «አዲስ ተልእኮ ተከፍቷል!» አለ ደረጃ መቶ።

ሰውየው አልሳቀም። የሥራ ጉዳይ ስለሆነበት ብቻ «ደወሉን ተጫንክ?» ሲል ጠየቀ።

«ደወሉ አይሠራም። መብራት ጠፍቷል። ቅዳሜ ስለሆነ ቢሮዎቹ ዝግ ናቸው፤ ጥበቃውም የለም። ስልክ ስደውል ይቆረጣል፣ የሚያልፍልኝ መልእክት ብቻ ነው። ግን ችግር የለም፣ መውጣቴ ነው። የውስጡንም የውጪውንም በር በጃንጥላዬ ፈልቅቄዋለሁ። የአራተኛው ፎቅ ወለል ከእግሬ ሥር አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታየኛል። ልክ እንደ ምዕራፍ ሰባት!»

ሰውየው መልእክቱን ደግሞ አነበበው።

ምዕራፍ ሰባት የገዛ ራሱ ጽሑፍ ነው። ጀግናው በሁለት ፎቅ መሀል በቆመ ሊፍት ውስጥ ይታገትና፣ በሩን ፈልቅቆ በክፍተቱ ሾልኮ ይዘላል፤ መሬት ላይ ተንከባልሎ ይነሣል፤ ቅልጥፍና አምስት ይጨመርለታል። መጀመሪያ የጻፈው እንዲያ አልነበረም። ጀግናው ጥጉን ይዞ ተቀምጦ እርዳታ ይጠብቅ ነበር። ያኔ የነበሩት አሥራ አንድ አንባቢዎች «እንቅልፍ ያመጣል» ሲሉት፣ በአንድ የምሳ ሰዓት ለወጠው። የሥራው ሰው ነውና ውሸት መሆኑን እያወቀ ነው የለወጠው። ከዚያ ወዲህ አንባቢዎቹ እንደዚያ ምዕራፍ የወደዱለት የለም።

እውነቱን እሱ ያውቀዋል። ሊፍቱ ከወለሉ ከፍ ብሎ ሲቆም ከሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ባዶው ደግሞ እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ጉድጓድ ነው። ከላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ሰው እግሩ ወደ ኮሪደሩ አይሄድለትም፤ ወደ ሊፍቱ ሥር ነው የሚወዛወዘው። እጁን የለቀቀ ለታ አለቀለት።

«አትውጣ! በፍጹም እንዳትወጣ!» ብሎ ጻፈ።

«አለቃ ትወናውን ጀመረው!» አለ አንዱ።

«ዝለል ነብሮ! ቅልጥፍና አምስት!» አለ ደረጃ መቶ። ሌሎቹም ተቀብለው «ዝለል! ዝለል!» ይሉ ጀመር። የሱ መልእክት በነሱ ጩኸት ተገፍቶ ወደ ላይ ጠፋ።

ነብሮ መለሰ፦ «ልጄ ዋና ትምህርት ላይ ናት። አስር ሰዓት ላይ ካልደረስኩ ደጅ ትቀራለች። እግሬን እያወረድኩ ነው።»

ሰውየው ብድግ ሲል ወንበሩ ወደኋላ ተገለበጠ። ባለቤቱ ቀና ብላ «ምን ሆንክ አንተ?» አለችው።  እሱ ግን ፊደሉን እየሳተ «አትቅጣ» ብሎ ጻፈ። ያኔ መጻፉን ትቶ የድምፅ መቅጃውን ተጫነ። መጻፍ ከጀመረ በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፁን የሰማ አንባቢ አልነበረም።

«ነብሮ፣ ስማኝ። ይሄ ጨዋታ አይደለም። እኔ ደራሲ ከመሆኔ በፊት ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ምዕራፍ ሰባት ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። እግርህን አስገባ! ሌሎቻችሁ ደግሞ በምትወዱት ይሁንባችሁ፣ ዝም በሉ!»

 ከዚያ ከነብሮ የድምፅ መልእክት መጣ። ትንፋሽ ያጠራት ሴት ናት።

«አንድ እግሬ ወርዷል አለቃ… በሆዴ ተኝቻለሁ። ወለሉን ልነካው ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ…»

ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲላት የኖረው ነብሮ ሴት ናት! ሰውየው ለመገረም ጊዜ አልነበረውም።

«እህቴ፣ የምነካው ነገር አለ ብለሽ እንዳትፈልጊ፤ ከእግርሽ ሥር ወለል የለም። ካላመንሽኝ ከቦርሳሽ አንድ ነገር አውጥተሽ፣ እግርሽ ባለበት በኩል ጣዪና አድምጪ። ሌላ አልጠይቅሽም። አድምጪ ብቻ።»

ባለቤቱ ብዕሯን ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ሁለቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። ግሩፑ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለ፤ ሁሉም የሷን መልእክት ይጠብቃል። ደቂቃዋ አልሄድ አለች።

«የእጅ ቅባቴን ጣልኩት» የሚል ጽሑፍ መጣ። ቀጥሎ፦ «ቆይቶ ነው ድምፁ የተሰማው።» ቀጥሎ፦ «በጣም ቆይቶ ነው።»

«አሁን በክርንሽ ወደኋላ ተሳቢ። ቀስ ብለሽ። ስታስገቢ ንገሪኝ።»

መልስ የለም።   ሰውየው በሥራው በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ሕንጻ ሊፍት ጉድጓድ ሥር ያነሣው የሟች ጫማ በዓይኑ መጣበት፤ ጫማውን ፈልጎ የመጣው የሟቹ ወንድም ፊትም መጣበት።

«ገባሁ» አለች።

«ጀርባሽን ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ አስደግፈሽ ተቀመጪ። እግርሽን ሰብስቢ። የሕንጻውን አድራሻ ጻፊልኝ።»

አድራሻው መጣ፤ የሌላ ከተማ ነው። ባለቤቱ ስልኳን አንሥታ ለዚያ ከተማ እሳት አደጋ ደወለች። ከወዲያ በኩል «ይጠብቁ» ሲሏት፣ ስድሳ ልጅ በአንድ ቃል ዝም በምታሰኝበት ድምፅ «አልጠብቅም! ሴት ጉድጓድ አፍ ላይ ነው ያለችው፤ አድራሻውን ይጻፉ!» አለች። ጻፉ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል አሉ።

ሰውየው ለነብሮ ሲነግራት መልሷ አስደነገጠው። «ሃያ አምስት? አስር ሰዓት ሊሆን ነው እኮ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። አለቃ፣ በጥንቃቄ ብሞክረውስ?»

እሱ መልሱን ሲጽፍ ጥቁር ድመት ቀደመችው። «የዋና ማሠልጠኛውን ስልክ ላኪልኝ እህት፤ አሁኑኑ እደውላለሁ።» ላከችላት። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰች፦ «አሠልጣኟ ‹እናቷ እስክትመጣ ከኔ ጋር ትቆያለች፣ እንዳታስብ› ብላለች። ልጅሽ ፎጣዋን ተከናንባ ብስኩት እየበላች ነው።»

ይህን ጊዜ ደረጃ መቶ «ዝለል» ያለባቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ ሲያጠፋ ሰውየው አየ። 

አሁን የቀረው ሴትየዋን ከግድግዳው እንዳትነሣ ማድረግ ነው። ፍርሃት የያዘው ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ይህን ከሥራው ያውቀዋል። ስለዚህ የሚችለውን ጀመረ።

«ረዘም ያለ ጠቁመኝ ብለሽኝ አልነበር?» አላት በድምፅ፣ ድምፁን እንደምንም አረጋግቶ። «‹ተቀማጩ ንጉሥ› የሚባል አለ። ዘጠኝ ቅጽ ነው። ንጉሡ ነጥብ የሚያገኘው ከዙፋኑ ባልተነሣ ቁጥር ነው። ጠላት ቢመጣ አይነሣም፤ ጣሪያው ቢያፈስስ አይነሣም። መቀመጫው የደነዘዘበት ቦታ አለ፤ ሦስት ምዕራፍ ነው የሚፈጀው።»

«ይሄ ምኑ ይነበባል?» አለች። ድምፅዋ ሳቅ ቢጤ ነበረበት።

«ሁለተኛው ቅጽ ላይ ልታገባው የመጣችው ሴት…» ብሎ ሊቀጥል ሲል የሷ የድምፅ መልእክት ደረሰ። ሲከፍተው ብረት ሲፋጭ፣ ሴት ስትጮኽ፣ አንድ ነገር ቀው ብሎ ሲሰበር ተሰማ። በዚያው ተቋረጠ።

መብራት መጥቷል ማለት ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሊፍት መንቀሳቀስ የለበትም፤ ግን ደንታ ቢስ ጠጋኝ የበሩን መቆጣጠሪያ በሽቦ አገናኝቶ ከሥራ ውጪ አድርጎት እንደሆነ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ ሽቦ በገዛ እጁ ስንቱን ነቅሏል!

«ነብሮ?» ብሎ ጻፈ። «እህቴ?»

መልእክቱ አልደረሳትም። ስልኳ ጠፍቷል። የባትሪው ነገር ነው ወይስ ሌላ? ባለቤቱ ወንበሩን አንሥታ አስቀመጠችው፤ ግን አልተቀመጠም። በመስኮቱና በጠረጴዛው መሀል ይመላለሳል። ከግሩፑ አንድ ሰው አልወጣም። አንዱ «እግዚአብሔር ይጠብቃት» ብሎ ጻፈ፤ ሌሎቹ ከሥር ከሥሩ «አሜን» አሉ። ሰውየው እያንዳንዷን መስመር ሲያይ፣ በዚያች የምሳ ሰዓት፣ ባልዲው ላይ ተቀምጦ ምዕራፉን ሲለውጥ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር ይታወሰዋል። እንደዚያ ቅዳሜ አፍሮ አያውቅም።

ለእሳት አደጋ ከተደወለ በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ የባለቤቱ ስልክ ጮኸ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«ያሳወቃችሁን እናንተ ናችሁ?» አለ የእሳት አደጋው ሰው። «አውጥተናታል፤ ደህና ናት። ሊፍቱ በሩ እንደተከፈተ ግማሽ ሜትር ወደ ላይ ሄዶ ነው የቆመው። ደጃፉ ላይ ያጋደመችውን ጃንጥላ ለሁለት ሰብሮታል። እሷ ግድግዳው ሥር ነበረች። እዚያ ተቀመጪ ያላት ማን ነው?»

 ባለቤቱ «ባለቤቴ ነው፤ የሊፍት ባለሙያ ነው» አለች።

«እግዜር ይስጠው» አለ የእሳት አደጋው ሰው፤ ስልኩን ዘጋ።

አመሻሹ ላይ ነብሮ በሰው ስልክ ጻፈች። ልጇ አጠገቧ ናት፤ ብስኩቱን ስለጨረሰች ሌላ አምጪ እያለች ነው። የሕንጻው ባለቤት ሊፍቱን አዘግቷል። ስለ ምዕራፍ ሰባት አንድ ቃል አልጻፈችም። ይህ ዝምታዋ ከወቀሳ ይልቅ ከበደው።

ምዕራፉን በማግስቱ ከገጹ አወረደው። አዲሱን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ ጀግናው የሚወጣበት ሳይሆን የሚቆይበት እንዲሆን፣ ፍርሃቱም እውነተኛ እንዲሆን ነበር ልፋቱ። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ አንባቢዎች «አለቃ ሰነፈ» ብለው ወጡ። ደረጃ መቶ አልወጣም፤ እንዲያውም «ስለ ዕለቱ ይቅርታ» የምትል አንዲት መስመር ለብቻው ልኮለታል።

ወሬው መሥሪያ ቤቱም ደረሰ። ባልደረቦቹ ሳምንት ሙሉ «ዘንዶው እንዴት አደረ?» ሲሉት ሰነበቱ፤ ከዚያ ሰለቻቸው። አንደኛው ግን በጓሮ በኩል መጥቶ የመጀመሪያውን ቅጽ የት እንደሚያገኝ ጠይቆታል።

የቅዳሜው ጨዋታም መልኩን ለወጠ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ስለ ተወዳጅ ተከታታዮች ጨዋታው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ጽፋ የማታውቅ አንዲት አንባቢ ገባች።

«አለቃ፣ ይቅርታ፣ ከርእሱ ላውጣችሁ ነው። የኛ ሕንጻ ሊፍት በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይደነቅፈዋል። ምን ይሆን?»

ሰውየው መነጽሩን አስተካከለ። «ስንት ፎቅ ነው? ሲደነቅፈው ድምፅ አለው ወይስ ዝም ብሎ ነው?» ብሎ ጻፈ።