የጠፋችው መቶ ደቂቃ

አስካለማርያም የአዋሽ ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ዛሬ ሰመራ ከቆመችበት ሜዳ ብዙም በማይርቅ የጥጥ እርሻ ቢሮ ስትቀጠር ሥራዋ አንድ ነበር፤ ለየማሳው የሚለቀቀውን የውሃ ደቂቃ በመደመሪያ መኪና እያሰላች ለቦይ ጠባቂው በቁራጭ ወረቀት መላክ። ከሰዓት በኋላ ሜዳው በሙቀት ሲርገበገብ፣ እጀታውን እየሳበች ቁጥሮቹ ሲንከባለሉ ስታይ፣ ውሃው በጣቶቿ መሀል የሚያልፍ ይመስላት ነበር። እንቅልፍም አይደል፣ ንቃትም አይደል። እንዲያው ደስ ይላት ነበር።

ከዚህ ሰመመን ያባነናት የረዲ ማሳ ነው። ከወሎ የመጣው ረዲ በቦዩ ጫፍ የሚያለማው ጥጥ ጠወለገ። "ወላሂ፣ ውሃ አይደርሰኝም!" እያለ ቢሮ ተመላለሰ። የእርሻው ሹም አቶ ወልደ ኢየሱስ በማሰብ የሚደክሙ ሰው አልነበሩም። መኪናው አይሳሳትም፤ ስለዚህ ሌባው የቦይ ጠባቂው፣ አፋሩ ሁመድ ነው። የቦዩን በር ቀድሞ እየዘጋ ውሃውን ለሌላ ይሰጣል። ሰኞ ይባረራል።

"ወረቀቱ ባለው ነው የዘጋሁት" አለ ሁመድ።

አስካለማርያም ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ወረቀቶቹን ዘርግታ በእጇ ደመረች። ለረዲ ማሳ መቶ ሰማንያ አምስት፣ ውሃው ቦዩን አቋርጦ እስኪደርስ አሥራ አምስት፤ ሁለት መቶ ደቂቃ። መኪናው ግን መቶ ይላል። ደጋግማ ሞከረችው፤ መቶ። የአስር ቤቱ ዘጠኝ ላይ ደርሶ ከአንድ ቤት አንድ ሲቀበል፣ ራሱ ወደ ዜሮ ይዞርና ለመቶ ቤት ማቀበሉን ይረሳል። ሦስት ወር ሙሉ ያን ቁጥር የጻፈችው የገዛ እጇ ነው።

አቶ ወልደ ኢየሱስ ፊት እጀታውን ሳበችው። አፈጠጡ። የሁመድን ነገር አቆይተው ሌላ መኪና አዘዙ። አዲሱ በጭነት መኪና በሚሌ በኩል መጣ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ቅባቱ ያልደረቀ። አስካለማርያም ያንኑ ደመረችበት። መቶ!

"ምን ጉድ ነው? ይሄም?"

"ስህተቱ መኪናው ሲሠራ አብሮት የተሠራ ነው፣ ጌታዬ። አይድንም። እኛ ነን የምንጠነቀቅለት።"

ዘዴውን አሳየቻቸው። የአስር ቤቱ ዘጠኝ ላይ ሊቆም ሲል አስቀድማ አስር ትጨምርበታለች፤ ዘጠኙን በሰላም ያልፋል። መጨረሻ ላይ አስሯን ትቀንሳለች። ሁለት መቶ ወጣ።

"በቃ፣ ሰውየው ሥራው ላይ ይቆይ" አሉ አቶ ወልደ ኢየሱስ። "ወሬውን ግን እዚሁ ቅበሪው።"

አልቀበረችውም። በጠራራው ፀሐይ ቦዩን ይዛ ሄደች። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ረዲ ማሳ ይወርዳል። ሁመድ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጥፋቱ የመኪናው መሆኑን፣ እሷም ሳታጣራ መላኳን አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ሁመድ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"እኔ እኮ አምኜ ነበር፣ እህቴ" አለ። "መኪናው አይሳሳትም ሲሉኝ፣ ለሚስቴ 'ሰርቄ ረስቼው ይሆናል' አልኳት።"