ሰርቦ ላይ የጀመርኩት ጠብ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰላም፣ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። የምትቀሰቅስለት ዕጩ በቴሌግራም የድምፅ መጠይቅ ሲመራ ሰንብቶ ወደ ሁለተኛ ወርዷል። "ስለ እሱ የውሸት ወሬ ማን እንደነዛ አውቃለሁ፤ ሄጄ አፉን ነው የማዘጋው" አለችኝ። አስቀመጥኳትና የራሴን ነገር ጀመርኩላት፤ መሃል ላይ ግን አቆምኩ። እዚህ ጽፌ ልጨርሰው።

በእሷ ዕድሜ እኔ የሲስተር ነጂማ ቀስቃሽ ነበርኩ። ሲስተር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ምርጫ በግል ነበር የተወዳደሩት። ጓደኛዬ ከድርና እኔ በሞተር ሳይክሉ ከጅማ ሰርቦ ከተማ እየተመላለስን በር እናንኳኳለን፤ ማን እንደሚመርጣቸው ጠይቀን ደብተር ላይ እናሰፍራለን። ቡና ያበበበት ወር ስለነበር መንገዱ ሁሉ ያውዳል። ምሳችን ሙዝና ዳቦ ነው፤ ደስተኞች ነበርን፤ ሰርቦ የእኛ ነበረቻ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ተገለበጠ። እሺ ያሉን ሰዎች በራቸው ላይ ዓይናቸውን ሰበሩ። "ሲስተር ካሸነፉ የሰርቦን ቡና ገበያ ወደ ጅማ ያዞሩታል" ተብሎ ተወርቷል። ያስወራው ደግሞ የቡና መፈልፈያው ካቦ፣ የተሸካሚዎቹ አለቃ ነው አሉን።

ለሲስተር ነገርናቸው። "እኔም ወሬው ደርሶኛል" አሉ ረጋ ብለው። "ግን ሰዎቹ ሰጉ እንጂ አልጠሉንም። ነገ ኢንሻአላህ እንደገና እናንኳኳለን፤ ያሰጋቸውንም እንጠይቃለን።"

እኔ ነገን አልጠበቅኩም። "ካቦውን እናናግረው" ብዬ ከድርን ይዤው ሄድኩ። እሱ ሞተሩን ሲያቆም ቀድሜው ገባሁ። ካቦው ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

"ወሬውን ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ኣቦ ተወን፣ ሥራ ላይ ነን" ብሎ ሳቀ።

ግድግዳ የተደገፈ የአካፋ እጀታ አንስቼ አፉን አልኩት። ጥርሱ ሲሰበር ሰማሁ። ሳይነሳ ደገምኩት። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን ጥለው መጡብኝ፤ ጎኔን፣ ጭንቅላቴን፣ ያገኙትን ረገጡ። ከድር ጩኸት ሰምቶ ሲገባ ያየው እኔ ወድቄ ደም ስተፋ ነው። በላዬ ተደፋብኝ። ለእኔ የተሰነዘረ ብረት እሱ ቀና ሲል ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ።

ሆስፒታል ሲስተር ደረሱልን። "ማን ጀመረ?" ብለው ጠየቁኝ።

"እነሱ" አልኩ።

"ዋላሂ እነሱ ናቸው" አለ ከድር በፋሻው ስር። "እኔ ስገባ ሊገድሉት ነበር።" ዓይኑ አልተረፈም።

በማግስቱ ሲስተር ብቻቸውን ሰርቦ ሄዱ። መጀመሪያ ካቦው ቤት ገብተው ቁስሉን አጠቡ፤ ከዚያ እስኪመሽ በር አንኳኩ። ሲመለሱ ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ።

"ካቦው ነግሮኛል" አሉኝ። "እኔ እስከ መጨረሻው ቀን አንኳኳለሁ። አንተ ግን ከእንግዲህ ከእኔ ጋር አትወጣም። ማን እንደጀመረ ለከድር ራስህ ንገረው።"

በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። ያሸነፋቸውን ሰው ጨብጠው ቤታቸው ገቡ።

ከድር ዛሬ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የሞተር መለዋወጫ ይሸጣል። ስለ ዓይኑ ሲጠይቁት "ጓደኛዬን ሊገድሉት ሲሉ ደርሼ ነው" ይላል፣ ኮራ ብሎ፣ ወደ እኔ እያየ። ያን ኩራቱን እንዳልነጥቀው ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። ፈርቼ ነው። ነገ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ሱቁ ሄጄ ይህን አነብለታለሁ።